ወንድ አይደለም፤ ቀኑ አጥሮበት ነው

የምክር ዓምድ፦ ጓሮና አበባ

«ይድረስ ለዓምዱ አዘጋጅ። ጡረታ የወጣሁ መምህርት ነኝ፤ የምኖረው ድሬዳዋ፣ ከዚራ ነው። ዴንቨር የምትኖረው ልጄ ካቻምና ለገና ስትመጣ ቅጠሉ ወፍራም የሆነ የአበባ ችግኝ በሻንጣዋ ይዛልኝ መጣች። ስሙ ሴደም፣ ዓይነቱም ኦተም ጆይ እንደሚባል ነገረችኝ። በእሷ ግቢ በረዶ ተጭኖት ከርሞ እንደገና ያቆጠቁጣል፤ ነሐሴና መስከረም ላይ ደግሞ ዘርጋ ያለ ሮዝ አበባ ያወጣል። ፎቶውን አይቼ ወድጄዋለሁ። ‹ይኼ የማይሞት ነው እማዬ› ብላ ነው የሰጠችኝ።

ኒም ዛፉ ጥላ ሥር ተከልኩት። በየቀኑ ማታ ማታ አጠጣዋለሁ፤ የፍየል ፍግም አልነፈግሁትም። ግንዱ ረዘመና ወደቀ፣ ቅጠሉ ገረጣ፣ አበባ የሚባል ግን እስከ ዛሬ አላየሁበትም። ከነሐሴው ዝናብ ወዲህ ደግሞ ሥሩ አካባቢ ይልፈሰፈሳል። ጎረቤቴ ‹ወንድ ነው፣ ንቀይው› ትላለች። የባለቤቴ እህት ዓይን ነው ባይ ናት፤ ሐረር ወስጄ ልትከልልሽም ብላኛለች። ውሃ ልጨምርለት ወይስ ማዳበሪያ? ደግሞስ የጎረቤት ፍየል አጥሩን ዘልላ ብትበላው ትጎዳ ይሆን? የከዚራዋ መምህርት»

መልስ፦

እትዬ፣ መጀመሪያ ከወንድነቱ ክስ ነጻ ላውጣው። ወንዱና ሴቱ ለየብቻ በቅሎ የሚያስቸግረው ፓፓያ ነው። ሴደም ግን ወንድና ሴት ሆኖ ለየብቻ የሚበቅል ተክል ስላልሆነ ጎረቤትዎ ያመጡበት የፓፓያን ሕግ ነው። የዓይኑን ነገር ከባለቤትዎ እህት ጋር ይጨርሱት። በእኔ በኩል ዋናውን ጥፋተኛ ሰማይ ላይ አግኝቼዋለሁ፤ ግብረ አበሮቹ ደግሞ የውሃ ጣሳዎና ፍግዎ ናቸው።

ልጅዎ የነገረችዎ ሐሰት የለበትም። ይህን ዝርያ ያወጣው ጌኦርግ አረንድስ የተባለ ጀርመናዊ ተክል አዳቃይ ነው። ሁለት የሚዛመዱ ተክሎችን አዳቀለ፤ አንደኛው በቻይናና በኮሪያ፣ ሁለተኛው ደግሞ በአውሮፓ የሚበቅል ነው። ሁለቱም ውርጭ ለምደው የኖሩ ናቸው። ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ ገደማ በሚደርስ ብርድ ከአፈር በላይ ያለው ግንድ ይደርቃል፣ ሥሩ ላይ የቀሩት ትናንሽ እምቡጦች ግን ተኝተው ይከርሙና በረዶው ሲቀልጥ ይነሳሉ። የማይሞት ያሰኘው ይኸው ነው። ድሬዳዋ ላይ ይህ ሁሉ ጥንካሬ ሥራ ፈት ሆነ። እርስዎ ጋ የሚገጥመው ጠላት ሌላ ነው፦ እስኪነጋ የማይበርድ ሌሊት፣ ሐምሌና ነሐሴ ላይ የሚጨቀይ አፈር፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ አጭር ቀን።

አጭር ቀን ስል ምን ማለቴ እንደሆነ ላብራራ፤ የጥያቄዎ ፍሬ እዚህ ላይ ነውና። ይህ ተክል አበባ የሚቋጥርበትን ወቅት የሚለየው በዋናነት ቀኑ ምን ያህል እንደረዘመ በመለካት ነው። ዴንቨር ላይ ሰኔ አጋማሽ ፀሐይ ከወጣች እስክትጠልቅ 15 ሰዓት ያህል ይቆያል። ረጃጅም ቀኖች ለሳምንታት ሲደጋገሙ ተክሉ ለአበባ ይዘጋጃል። ቀኑ ሲያጥር ብርድ ሊመጣ ነው ብሎ ማደጉን ያቆምና እምቡጦቹን ሥሩ ላይ ሰብስቦ ይተኛል። አሁን ወደ ከዚራ እንመለስ። ድሬዳዋ የምትገኘው ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ስለሆነ የዓመቱ ረጅሙ ቀን 12 ሰዓት ከ45 ደቂቃ አይሞላም፤ አጭሩ ደግሞ 11 ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው። እኛ ሰዎች ልዩነቱን ልብ የምንለው የምሽት ጸሎት ወይም የእራት ሰዓት ጨለም ሲል ብቻ ነው። የእርስዎ ሴደም ግን ከመጣ ጀምሮ የሚጠብቀው ቀን አልደረሰለትም፤ ዓመቱን ሙሉ ልተኛ ወይስ ልደግ እያለ ሲያመነታ ኖሯል።

ስለዚህ ሐረር መሄዱም አያድነውም። ሐረር ከፍ ያለች በመሆኗ ሌሊቱ ቀዝቀዝ ይላል፤ ቅጠሉና ግንዱ በእርግጥ ደስ ይላቸዋል። የቀኑ ርዝመት ግን ያው ነው። መቀሌ ድረስ ቢወስዱት እንኳ በረጅሙ ቀን ላይ የሚያተርፉት ሩብ ሰዓት ያህል ነው። አገራችንን በሙሉ ቢያዞሩት የዴንቨርን ሰኔ የትም አያገኙለትም።

መፍትሔው ያለው በረንዳዎ ላይ ነው፤ የበረንዳው አምፑል። ረጅም ቀን የሚፈልጉ ተክሎች ለማበብ የፀሐይን ያህል ኃይለኛ ብርሃን አይጠይቁም። ጨለማው ቶሎ እንዳይመጣ ከተደረገ ደካማ መብራትም ይበቃቸዋል። አበባ በመስታወት ቤት የሚያለሙ ሰዎች ለዘመናት የሠሩበት ዘዴ ነው። ተክሉን ወደ ማሰሮ ካዛወሩ በኋላ ከአምፑሉ አንድ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ ያስቀምጡትና ልክ ሲመሽ ያብሩለት፤ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ያጥፉት። ከማለዳው 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ድረስ 16 ሰዓት ብርሃን አገኘ ማለት ነው። የድሮው ቢጫ የሚያበራ አምፑል ካለዎት ከነጩ ይልቅ እሱን ይምረጡ፤ ተክሉ ቀኑን የሚለካው ወደ ቀይ በሚያደላው ብርሃን ነው። በየምሽቱ፣ ሳያቋርጡ ማብራት ያስፈልጋል። መብራት አንድ ቀን ቢጠፋ ተስፋ አይቁረጡ፤ ሳምንት ሙሉ ከጠፋ ግን እኔን አይውቀሱኝ። ሦስትና አራት ወር መታገሥም ግድ ነው። የተዳከመ ተክል በአምፑል ብቻ ስለማያብብ መጀመሪያ ጤናውን እንመልስለት። ጤነኛ ከሆነም በኋላ ቢሆን በድሬዳዋ ሌሊት የሚያወጣው አበባ ፎቶው ላይ እንዳዩት ሰፊ ይሆናል ብዬ ቃል አልገባልዎትም።

አሁን ያለበት አደጋ መበስበስ ነው። ይልፈሰፈሳል ያሉት ግንድ ተመልሶ አይድንም፤ በውሃ ብዛት የጀመረ መበስበስ ወደ ላይ ይወጣል እንጂ ባለበት አይቆምም። ዛሬውኑ ስለታም ቢላዋ በአልኮል ጠርገው ጤነኛ ከሚመስለው ግንድ ከጫፉ አንድ ጣት የሚያህል ቁመት ያላቸው አራት አምስት ቁራጮች ይውሰዱ። የተቆረጠው ቦታ መሐሉ ነጣ ወይም አረንጓዴ ያለ መሆን አለበት። ቡናማ ነጥብ ወይም ክብ ካዩበት ንጹሑ እስኪወጣ ድረስ ወደ ላይ እየቆረጡ ይሂዱ። የታችኞቹን ቅጠሎች ይልቀሙና ቁራጮቹን ጥላ ውስጥ፣ ወረቀት ላይ፣ ያለ ውሃ ከሦስት እስከ አምስት ቀን ያቆዩዋቸው። እጅዎ ውሃ ለመርጨት ያሳክክዎታል፤ ይተዉት። ቁስሉ ደርቆ ቅርፊት ሳይዝ አፈር ከነካ የመበስበሱ ታሪክ ይደገማል። ከዚያ በደረቅ አሸዋማ አፈር ላይ ይትከሏቸውና ከጥቂት ቀናት በኋላ ትንሽ ውሃ ይስጧቸው። በሁለትና በሦስት ሳምንት ሥር ይሰዳሉ። እናቲቱን ከኒሙ ሥር ነቅለው ይጣሏት፤ ያዘኑላት እንደሆነ ቁራጮቹ ራሷ ናቸው።

አፈሩን በሚመለከት ድሬዳዋ ላይ የሚኖር ሰው ዕድለኛ ነው፤ አሸዋ ፍለጋ ሩቅ አይሄድም። ሻካራውን፣ ጠጠር የተቀላቀለበትን ይምረጡ፤ እንደ ዱቄት የላመው ውሃ ስለሚይዝ አይሆንም። ሁለት እጅ አሸዋና ጠጠር፣ አንድ እጅ የግቢ አፈር፣ በዚያ ላይ በጣም ያረጀ ብስባሽ ጭብጥ የማይሞላ። የሸክላ ማሰሮ ከፕላስቲኩ ይሻላል፤ በጎኑም ይተነፍሳልና። የማሰሮው ታች መበሳት አለበት፣ ከሥሩም ውሃ የሚያቁር ሰሐን አያድርጉበት። የፍየል ፍጉን ለቲማቲምዎና ለቃሪያዎ ያድርጉት። ሴደም በደኸየ አፈር ላይ አጭርና ጠንካራ ሆኖ ይቆማል፤ ሲጠግብ ይረዝምና ራሱን መሸከም አቅቶት ይወድቃል። የእርስዎ ወድቆ የተገኘው አንድም በጥጋብ፣ አንድም ከኒሙ ጥላ ለማምለጥ ወደ ብርሃን ሲንጠራራ ነው። አዲሶቹ ችግኞች አንድ ስንዝር ሲደርሱ ጫፋቸውን ቆንጠጥ ያድርጉላቸው፤ ቅርንጫፍ ያበዛሉ። መብራቱን ማብራት ከጀመሩ በኋላ ግን ጫፉን አይንኩት፤ የሚያብበው እሱ ነው።

ስለ ውሃ ጠይቀው ነበር፤ እንዲጨምሩ ሳይሆን እንዲቀንሱ ነው የምለምንዎ። ቅጠሉ ለምን የወፈረ ይመስልዎታል? ውሃውን እዚያው ያጠራቅማል። ውሃ ሲያጥረው ደግሞ እሱና ዘመዶቹ የሚታወቁበት አንድ ብልሃት አለው፦ ቀን የቅጠሉን ቀዳዳዎች ዘግቶ ይውላል፣ ሌሊት ከፍቶ አየር ይስባል፤ የሳበውንም እንደ አሲድ አስቀምጦ በማግሥቱ በፀሐይ ብርሃን ምግብ ይሠራበታል። ይህ ብልሃት በደንብ የሚሠራው ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ ነው። ግንቦትና ሰኔ ላይ ቀኑ 35 ዲግሪ ደርሶ ሌሊቱም በሚወብቅበት ጊዜ ድሃ ገቢ ይዞ ያድራል፤ በዚያ ላይ ሥሩን ውሃ ካሞሉበት መበስበስን የሚቋቋምበት ጉልበት አይኖረውም። ስለዚህ የቀን መቁጠሪያን ትተው ስንጥር ይጠቀሙ። ቀጭን እንጨት ማሰሮው ውስጥ እስከ ታች ሰክተው ያውጡት፤ አፈር ተጣብቆበት ከወጣ አያጠጡ። በደረቁ ወራት ለማሰሮ በሳምንት አንዴ፣ አንዳንዴም በአሥር ቀን አንዴ በቂ ነው። በዝናቡ ወራት ከቆርቆሮው ክዳን ሥር ያስገቡትና ውሃ ማጠጣቱን ይርሱት። የድሬዳዋ ውሃ ማንቆርቆሪያ ላይ ነጭ ቅርፊት የሚያስቀር ውሃ ስለሆነ ማሰሮው አናት ላይም ነጭ ነገር ያያሉ፤ ሴደምን ይህ ብዙም አያስከፋውም። የላይኛውን አፈር በወራት አንዴ ጠርገው በአዲስ አሸዋ ይተኩት።

ቦታውን ሲመርጡ የማለዳ ፀሐይ እስከ ረፋዱ 5 ሰዓት ድረስ ሙሉ ለሙሉ የሚያገኝበትን፣ ከዚያ በኋላ ጥላ የሚሆንበትን የቤቱን ምሥራቅ ጎን ይፈልጉ። ከምዕራብ በኩል ካለው የሲሚንቶ ግድግዳ ግን ያርቁት፤ ከሰዓት በኋላ የዋጠውን ሙቀት ሌሊት ሲተፋው ያድራል።

እስካሁን የጻፍኩት የልጅዎ ስጦታ ስለሆነ ነው። ስጦታ ባይሆን ኖሮ በሦስት መስመር «ይተዉት፣ ሌላ ይትከሉ» ብዬ እሸኝዎ ነበር። ምክንያቱም ዴንቨር ላይ በብርድ የሚፈተነው ተክል የሚመሰገንበትን ያህል፣ የእኛው በሙቀትና በድርቅ የተፈተነው ማንም ዞር ብሎ የሚያየው የለም። እሬትን ተመልከቱ። ስሙን የምናነሣው ሲመርረን ብቻ ነው። ኢትዮጵያ ግን ከ40 በላይ የእሬት ዝርያዎች ያሏት አገር ናት፤ ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰውና ባልደረቦቻቸው እነዚህን መዝግበው አቆይተውልናል። ከነዚህ አንዱ ከድሬዳዋ ወደ ሐረር ሲወጡ በሚያገኟት በሐርላ ስም የተጠራ ነው። እሬት ሲያብብ ከቅጠሎቹ መሐል ረጅም ዘንግ አውጥቶ ቀይ ወይም ብርቱካንማ አበባ ይደረድርበታል፤ የአበባ ማር የሚቀስሙት ትናንሾቹ ወፎችም ግቢዎን ይለምዳሉ። አምፑል አይፈልግ፣ ሐረር ልውሰድህ አይሉት። ከተራራ ላይ ግን አይንቀሉ፤ ከቆየ ግቢ ወይም ከችግኝ ጣቢያ ከጎኑ የወጣ ቅጥያ ይለምኑ።

የሴደምን የቅርብ ዘመድ ከፈለጉ ደግሞ እንዳሁላ አለልዎ። ሁለቱም ከአንድ ቤተሰብ ናቸው፤ እንዳሁላ ግን እዚሁ ተወልዶ ያደገ ስለሆነ የእኛን ቀን ያውቀዋል። የማዳጋስካር ተወላጅ የሆነው የእንዳሁላ ወንድም፣ ካላንቾ እየተባለ በአበባ መሸጫዎች በትንሽ ማሰሮ የሚሸጠው፣ ቀይም ቢጫም ሮዝም ያብባል። ጠባዩ የሴደም ግልባጭ ነው፤ አበባ የሚቋጥረው ሌሊቱ ሲረዝም ነው። ስለዚህ ድሬዳዋ ላይ ከኅዳር ገደማ ጀምሮ ያለ ምንም ብልሃት ያብብልዎታል፤ በአንድ ሁኔታ ብቻ፦ ለሴደሙ ከሚያበሩት አምፑል ካራቁት። አንዱን የሚያስደስተው መብራት ሌላውን ያደናግረዋል። ሁለቱን ጎን ለጎን በረንዳ ላይ ካስቀመጧቸው አንዱ መቅረቱ አይቀርም። ካላንቾውን ጨለማ ወዳለበት የጓሮ በር ይውሰዱት።

ሙቀቱን ጭራሽ የሚወድ ነገር ካማረዎት የበረሃ ጽጌረዳ የሚሉት አለ፤ ግንዱ ከሥሩ ያበጠ፣ አበባው ሮዝ፣ በምሥራቅ ኢትዮጵያ ቆላዎች በዱር የሚበቅል ነው። ስለ እሱ ሌላ ጊዜ በሰፊው እመለስበታለሁ።

ልጅዎን አንድ ነገር ይንገሩልኝ፤ ቁጣ አይደለም። በሻንጣ ተደብቆ የሚመጣ ችግኝ ከሥሩ ጋር ተባይና በሽታ ይዞ ሊመጣ ይችላል። ደንቡም ቢሆን አስቀድሞ የማስገቢያ ፈቃድና የእፅዋት ጤና የምስክር ወረቀት ይጠይቃል። ጣና ላይ የምናለቅስበት እንቦጭ በብዙ የዓለም ክፍሎች የተዛመተው አበባው አምሮ ሰዎች እየወሰዱት ነው፤ እኛ ዘንድም በ1965 እ.ኤ.አ. ቆቃ ሐይቅና አዋሽ ወንዝ ላይ መታየቱ ተመዝግቧል። የእርስዎ ሴደም እንቦጭ ይሆናል ማለቴ አይደለም፤ በድሬዳዋ እንኳን ሊዛመት ራሱንም አልቻለም። ለሚቀጥለው ጉዞዋ ግን ከችግኝ ይልቅ ጥሩ የመግረዣ መቀስ ብታመጣልዎ እመርጣለሁ። እርስዎም በምላሹ እሬት ልላክላት እንዳይሉ፤ ከእሬት ዝርያዎች አብዛኞቹ ያለ ፈቃድ ከአገር አገር መሻገራቸው በዓለም አቀፍ ስምምነት የተከለከለ ነው።

የቀረው የፍየሏ ነገር ነው። ሴደሙን ብትበላ የሚጎዳው ሴደሙ እንጂ እሷ አይደለችም። እንዳሁላና ካላንቾ ግን ልብን የሚያውክ መርዝ አላቸው፤ ከብትም ፍየልም ሊገድሉ ይችላሉ። የበረሃ ጽጌረዳም ወተቱ መርዝ ነው፤ ሲገርዙት እጅዎን ይታጠቡ፣ ዓይንዎን አይንኩ። እነዚህን ሦስቱን ከተከሉ ማሰሮዎቹን ፍየልም የልጅ ልጅም የማይደርስበት ከፍታ ላይ ይስቀሏቸው፤ አጥሩንም ከጎረቤትዎ ጋር ተነጋግረው አንድ ክንድ ከፍ ያድርጉት።